“ግዞት” ያው “እስር” ነው? ስለ ልጅ ኢያሱ ሲጻፍ የትኛው ቃል ይሻላል?

ትረካ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ልጅ ኢያሱ ለሚሠራ አጭር ዶክመንተሪ ትረካ እየጻፍኩ ነው። አንድ ቃል ግን አላሳልፍ ብሎኛል።

ሥልጣን ካጡ በኋላ ያሳለፉትን ዘመን “ግዞት” ብዬ ነበር የጻፍኩት። ጽሑፉን የሚያይልኝ ጓደኛዬ በየቦታው ሰርዞ “እስር” አደረገው። “ግዞት የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ዛሬ ማንም አይለውም፤ ያው መታሰር ነው” አለኝ። ትረካውን የምታነበው እህት ደግሞ “ግዞትማ ስደት ነው፣ ከአገር መባረር ማለት ነው” አለች። ለሦስት ተከፋፍለን ተቀመጥን።

እውነት ግዞት ከእስር በምን ይለያል? ስደትስ ነው እንዴ? ደግሞስ “በግዞት” ነው የሚባለው፣ “ግዞት ላይ” ነው፣ ወይስ “ግዞት ገቡ”? በሚቀጥለው ሳምንት ድምፅ ስለምንቀዳ የሚያውቅ ሰው ቢረዳኝ ደስ ይለኛል።

ቶሎ መላሽ፦

ወንድሜ፣ “እስር” በለውና እለፍ። ተመልካች መዝገበ ቃላት ይዞ አይቀመጥም። ሰውየው ተይዘዋል፣ ይጠበቃሉ፣ መውጣት አይችሉም። ይሄ እስር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ማሳመር ካማረህ “የቁም እስር” በለው።

የእርማት ክፍል ሰው፦

ልጄ፣ “ግዞት” ያልከው ልክ ነው። እንዳትሰርዘው። ቶሎ መላሽም አትቀየመኝ፤ “ያው ነው” እየተባለ ነው ብዙ ቃል የጠፋብን።

እኔ ፀጉሬ የሸበተው ጋዜጣ ላይ እርማት ስሠራ ነው። ይሄ ቃል በጸሐፊ እጅ ሲንገላታ ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፣ ታገሠኝ።

ግዞት የወጣው “አጋዘ” ከሚለው ግሥ ነው። አጋዘ ማለት ጭኖ ወሰደ፣ ከዚህ ወደዚያ አመላለሰ ማለት ነው። ገበሬው ነዶውን ከማሳ ወደ አውድማ አጋዘ እንላለን። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያግዝ ዋለ እንላለን። የሚጋዘው ነገር አፍ የለውም። ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም። ታዲያ ይህ ግሥ ለሰው ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ተመልከተው። ሰውየው እንደ ጭነት ተወሰደ ማለት ነው።

“ተጓዘ” እና “ተጋዘ” የሚሉትን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና አንብባቸው። የሚለያዩት በ“ጓ” እና በ“ጋ” ብቻ ነው። የተጓዘው በገዛ እግሩ፣ በገዛ ፈቃዱ ሄዷል። የተጋዘውን ሰው ወስዶታል። ጉዞ እና ግዞትም እንደዚሁ ናቸው። እኔ እነዚህን ቃላት ከአንድ ቤት እንደወጡ ወንድማማቾች ነው የማያቸው፤ “ጓዝ” እና “ማጓጓዝ”ም ከዚያው ናቸው። (“መጋዘን” ግን ከዚህ ቤት አይደለም። ከዐረብ ተነስቶ በጣሊያን በኩል የመጣ ቃል ነው። ብዙ ሰው “የሚጋዝበት ቦታ” እያለ ሲተነትነው ስለምሰማ ነው ያነሳሁት።)

ስለዚህ ግዞት ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ከኖሩበት፣ ከሚታወቁበት፣ ወገን ካለበት ቦታ መወሰድ ነው። ሁለተኛው በተወሰዱበት ቦታ ተወስኖ በጥበቃ ሥር መቀመጥ ነው። አንዱ ከጎደለ ግዞት አይባልም።

“እስር”ን ተመልከት። ማሰር ከገመድ የመጣ ነው። ከብት ይታሰራል፣ ነዶ ይታሰራል፣ ሰው ይታሰራል። ሰው ሰፈሩ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ሊታሰር ይችላል፤ እናቱ በጠዋት ቁርስ ይዛለት ትመጣለች። ከቦታው አልራቀም። የተወሰደበት ነፃነቱ ነው። ግዞተኛው ግን ከነፃነቱ ጋር አገሩንና ሰዉንም ተነጥቋል። አንዳንዴ እንዲያውም ነፃነቱን የሚያጣው በከፊል ነው፤ ከተማ ውስጥ ይዘዋወራል፣ ገበያ ይወጣል፣ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። የማይችለው ከዚያ ቦታ መውጣት ነው።

“የቁም እስር”ም ሌላ ነው። የቁም እስር ሰው በኖረበት ቤት ላይ ጠባቂ ሲቆምበት ነው። የበርማዋ አውንግ ሳን ሱ ቺ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ውስጥ 15 ዓመት ያህል በገዛ ቤቷ ተዘግቶባት ኖራለች። የትም አልተጋዘችም። እሷን ግዞተኛ ብንላት ቃሉን ማበላሸት ነው። ልጅ ኢያሱን ደግሞ የቁም እስረኛ ብንላቸው እንደዚያው ነው። ተይዘው የተጠበቁባቸው ፍቼም ሆነ ጋራ ሙለታ ቤታቸው አልነበረም።

ትረካውን ለምታነበው እህታችን ደግሞ፦ ግዞት ስደት አይደለም። ስደተኛ አገሩ እንዳይገባ ነው በሩ የተዘጋበት። ግዞተኛ ካለበት እንዳይወጣ ነው የተዘጋበት። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1928 ከአዲስ አበባ ወጥተው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ሲቀመጡ ስደት ላይ ነበሩ። ለንደን ሄዱ፣ ጄኔቫ ሄደው ተናገሩ፣ የከለከላቸው የለም። ወደ አገራቸው መግባት ነበር ያልቻሉት። ናፖሊዮን ግን እ.ኤ.አ. በ1815 እንግሊዞች በመርከብ ጭነው ቅድስት ሄለና ደሴት አስቀመጡት፤ በ1821 እዚያው ሞተ። እሱ ግዞተኛ ነው። ሁለቱም ዘውድ ያጡ፣ ሁለቱም ከአገር ውጭ የነበሩ ናቸው። ቃሉ ግን አንድ አይደለም።

አገር ውስጥም ይጋዛል፣ ከአገር ውጭም ይጋዛል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስቶች መኳንንቱን ከነቤተሰባቸው ወደ ጣሊያን ሲወስዱ፣ አሲናራ ደሴት ላይ ሲያከማቹ፣ የእኛ ሰዎች “ጣሊያን አጋዛቸው” ነው ያሉት። ራስ እምሩም ፖንዛ ደሴት ላይ በግዞት ነበሩ። የሚገርመው፣ ሙሶሊኒ ራሱ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረደ በቀናት ውስጥ ተይዞ ወደዚያችው ፖንዛ ተወስዷል። በጋናም የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ ላይ እንግሊዞች ይህንኑ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1896 ያዟቸው፣ በ1900 ሲሸልስ ደሴት አደረሷቸው፣ አገራቸው የተመለሱት በ1924 ነው።

ገዢዎች ይህን የሚያደርጉት ንጉሥን ገድሎ ደሙን ከመሸከም አርቆ ማስቀመጥ ይሻላል ብለው ነው። ሰውየው ከሚያከብረው ሕዝብ ሲርቅ ኃይሉ ይደርቃል። ለዚህ ነው የግዞት ቦታ ብዙ ጊዜ ደሴት፣ አምባ ወይም ዳር አገር የሚሆነው።

“ማንም አይለውም” ለሚለው ጓደኛህ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ይስማ። ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ሲሰበክ “በፍጥሞ ደሴት በግዞት ሳለ” ነው የሚባለው። መሥሪያ ቤትም ይሂድ። አንዱ ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ ሲመደብ ባልደረቦቹ “ዝውውር አትበለው፣ ግዞት ነው” ይላሉ። ቃሉ ሕያው ነው። እንዲያውም እዚህ ላይ በትክክል ነው የተጠቀሙበት፤ መወሰዱም አለበት፣ እዚያ መቅረቱም አለበት።

አሁን ሰዋስውህ ላይ ልምጣ። እስር ቤት “ይገባሉ”። ስደት “ይሄዳሉ”፣ “ይወጣሉ”። ግዞት ግን “ይላካሉ”፣ “ይወሰዳሉ”፣ “ይዳረጋሉ”። “ግዞት ገባ” ጆሮ ይቆረቁራል፤ ምክንያቱም ግዞት በር ያለው ቤት አይደለም። “በግዞት ኖረ”፣ “በግዞት ሳለ ሞተ”፣ “ከግዞት ተመለሰ” በል። “ግዞት ላይ” የሚለው በንግግር ያልፋል፤ ለትረካህ ግን “በግዞት” ይሻልሃል።

ከሁሉም በላይ የምለምንህ አንድ ነገር አለ። “አገዘ” እና “አጋዘ”ን አታምታታ። አገዘ ረዳ ነው። ተገብሮው “ታገዘ” ነው። የአጋዘ ተገብሮ ግን “ተጋዘ” ነው። አንድ ጊዜ ለገጽ የተዘጋጀ ጽሑፍ እጄ ገባ። ስለ አንድ የተጋዙ ትልቅ ሰው የሚተርክ ነው። “በወታደሮች ታግዘው ወደ ቆላ ወረዱ” ይላል። አንባቢው ምን ይረዳል? ሽማግሌው ገደል እንዳይጥላቸው ወታደሮቹ ክንዳቸውን ይዘው የደገፏቸው ነው የሚመስለው። ሰውየው የተበደሉትን በደል ወደ ውለታ ቀየረው። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ “ተግዘው” አልኩት። አንዲት ፊደል ናት፤ ግን የሰው ታሪክ ነው የተሸከመችው።

“ግዝት”ም አለ። እሱ “ገዘተ” ከሚለው ነው፤ ካህን በቃለ ውግዘት ሲከለክል ነው። ግዝት በዓል የምንለው ሥራ የተከለከለበትን ቀን ነው። “ግዛት” ደግሞ ከ“ገዛ” ነው። ግዞት፣ ግዝት፣ ግዛት፦ ሦስቱንም ኮምፒውተር ላይ በችኮላ ስትጽፍ አንዱ የሌላው ቦታ ይገባል። ሦስት ጊዜ አንብብ።

የሕግ ሰው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሕጉ በኩል ትንሽ ልጨምር።

ዛሬ “ግዞት” የሚባል ቅጣት የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነፃነት የሚያሳጡ ቅጣቶችን ሁለት ያደርጋቸዋል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ፍርድ ቤት ውስጥ “እስራት” ነው የምንለው፤ “እስር” የመንገድ አጠራር ነው።

ከዚህ ሌላ ሰዎች “ማረፊያ ቤት” እና “ማረሚያ ቤት”ን ያደባልቃሉ። ማረፊያ ቤት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነበት ተጠርጣሪ የሚቆይበት ነው። ማረሚያ ቤት ድሮ ወህኒ ቤት የምንለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይናገራል። አንቀጽ 32 ደግሞ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታን የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል። ድሮ በንጉሥ ቃል “እገሌ እዚያ አገር ይቀመጥ” የሚባለው ነገር ዛሬ ይህን አንቀጽ ይጋጫል።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በድሮው ጊዜ ግዞተኛ በቀን በቀን እንዴት ነበር የሚኖረው? የምናነበው የታላላቆቹን ብቻ ነው።

የእርማት ክፍል ሰው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያየሁትን ልንገርህ።

እናቴ የተወለደችው ኢሉባቦር ነው። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ አያቴ ቤት አሳልፍ ነበር። አያቴ ግቢ ውስጥ ካለችው ጓዳ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ “ግዞተኛው” ይላቸዋል። አያቴ ግን በዚያ ቃል ጠርታቸው አታውቅም፤ “እንግዳው” ነበር የምትለው። ምን አድርገው እንደተላኩ ልጅ ስለሆንን አልተነገረንም።

ሰንሰለት የላቸውም። ካፖርታቸውን ደርበው ጠዋት ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ይሄዱና ፈርመው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ቀኑ የራሳቸው ነው። ገበያ ይወጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ። ከከተማው መውጫ ካለው ድልድይ ግን አያልፉም። እኛ ልጆች ድልድዩን እየተሻገርን ስንጫወት እሳቸው ከወዲህ ማዶ ቆመው ያዩናል። “ጋሼ፣ ለምን አይመጡም?” ብዬ ስጠይቃቸው “የእኔ አገር እዚህ ድረስ ነው” አሉኝ። አልገባኝም ነበር።

ደብዳቤ ሲመጣላቸው ፖስታው ተቀድዶ፣ ተነብቦ ነው እጃቸው የሚገባው። ይህን አያቴ አንድ ቀን በቁጣ ስታወራ ሰምቻለሁ፤ “የሰው የልቡን ነገር ቀድመው ያነቡበታል” እያለች። ልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር፣ ያለ ገንዘብ። እኔም “ሀሁ” ድሮ ባውቀውም የቁም ጽሕፈት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መስመር ሲጣመምብኝ እጄን ይዘው ያስተካክሉት ነበር።

ታዲያ እኚህን ሰው “እስረኛ” ብላቸው ግማሹን አልተናገርኩም። ቁልፍ ያለው በር አልነበረባቸውም። “ስደተኛ” ብላቸው ደግሞ ውሸት ነው፤ አገራቸው ውስጥ ናቸው። ልጆቻቸው ሲያድጉ አላዩም። የሚስታቸው እናት ስትሞት መርዶውን የሰሙት ከወራት በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የሚይዝልኝ አንድ ቃል ግዞት ነው። ለዚህ ነው “ያው እስር ነው” ሲባል ዝም የማልለው።

የሰሜን ልጅ፦

ጋሼ፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው። አምባ ስላነሱ፣ “ወህኒ” የሚለውስ ቃል ከጎንደሩ ወህኒ አምባ ነው የመጣው የሚባለው እውነት ነው? ደግሞ “ቁራኛ” የሚለው ቃል ከዚህ ጋር ይገናኛል? አያቶቻችን ታመው ሲተኙ “የአልጋ ቁራኛ ሆነ” እንላለን። በኮሮና ጊዜም “ወሸባ” የሚል ቃል ተነስቶ ነበር።

የእርማት ክፍል ሰው፦

ወህኒስ አዎ። የነገሥታቱ ወንድ ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ ተራራ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቀደም ብሎ ወሎ ውስጥ ግሸን አምባ ነበር፤ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ቀረ። በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ተተካ። የአምባው ስም ዞሮ ዞሮ የማሰሪያ ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ። እነዚያ ልዑላን ጥፋት የለባቸውም። መወለዳቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ወህኒ ሲጀመር የወንጀለኛ ቦታ አልነበረም፤ ወደ ግዞት የሚቀርብ ነበር። ከርቸሌ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አዲስ አበባ የነበረው “ዓለም በቃኝ” ግን የራሳችን ስም ነው፤ ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሞበታል።

ወሸባ ተላላፊ በሽታ እንዳይዛመት ተለይቶ መቀመጥ ነው። በ2012 “ለይቶ ማቆያ” ከሚለው ጎን ሲነሳ ደስ ብሎኛል፤ አጭርም የራሳችንም ነው። ግን ከግዞት ጋር አይገናኝም፤ ቅጣት የለበትም።

ቁራኛ ግን ልዩ ነው። በድሮው ፍርድ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይውሉ ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። የሚታሰሩት ከግድግዳ ጋር አይደለም፣ ከሰው ጋር ነው። ከሳሹም እኩል ታሥሯል ማለት ነው! ተበዳይ ነኝ ባዩም ፍትሕ እስኪያገኝ ነፃነቱን ያስይዛል። “በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው” የምንለው ከዚህ ነው፤ በዓይን ብቻ ተቆራኝቶ፣ ሰንሰለት ሳይኖር። “የአልጋ ቁራኛ”ም እንደዚያው ነው። በሽተኛው ከአልጋው ጋር ተቆራኘ፤ አልጋው በሄደበት እንጂ አይሄድም።

እነዚህን ቃላት ጋዜጠኞች ሁሉንም “በቁጥጥር ሥር ዋለ” በሚል አንድ ሐረግ ሲጨፈልቋቸው እናደዳለሁ። በቁጥጥር ሥር መዋል የመያዝ ዜና ነው። ከተያዘ በኋላ የሆነውን አይነግረኝም። ታሰረ? ተጋዘ? ቤቱ ተዘጋበት? ዋስ ጠርቶ ወጣ? ቃሉ እያለን ለምን አንናገርም?

ትረካ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ጓደኛዬንም አስነበብኩት፤ “በል እንግዲህ ግዞት ይሁን” ብሏል። ትረካውን የምታነበው እህት ግን “ታዲያ ጋራ ሙለታ ላይ ግዞት ነው እስር? እዚያ እኮ በጥብቅ ነበር የሚጠበቁት” አለችኝ። ያስተካከልኩትን ጽሑፍ ይዩልኝና ቢያርሙልኝ፦

“ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ለአምስት ዓመት ያህል በስተምሥራቅና በስተሰሜን ሲንቀሳቀሱ ቆይተው በ1913 ተያዙ። ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ግዞት ገቡ። በ1924 አምልጠው ብዙም ሳይቆዩ ተያዙና ወደ ሐረርጌ ታግዘው ጋራ ሙለታ ላይ ታሰሩ። በኅዳር 1928 በስደት ሳሉ ሞቱ።”

የእርማት ክፍል ሰው፦

እህታችን ያነሳችው ነጥብ ትክክል ነው። ግዞት ከእስር ጋር አይጣላም። አንድ ሰው ተግዞ በሄደበት ቦታ ሊታሰር ይችላል። ጋራ ሙለታ ላይ ሁለቱም አሉ። ስለዚህ “ታሰሩ” ያልከውን እዚያ ላይ ተወው፤ ከፍቼ በኋላ ነገሩ እንደጠበቀ አድማጩ ከቃሉ መለወጥ ይረዳዋል። ፍቼ ላይ ግን “ታሰሩ” አትበል።

ከ1909 እስከ 1913 አምስት ዓመት አይሞላም፤ “ለጥቂት ዓመታት” በለው። “ግዞት ገቡ” የሚለውን “በግዞት ተቀመጡ” አድርገው። “በስደት ሳሉ” ፈጽሞ አይሆንም፤ “በግዞት ሳሉ” ነው። “ሞቱ” የሚለውንም “አረፉ” ብትለው ለትረካ ክብር ይሰጣል፤ ምርጫው የአንተ ነው። “ታግዘው”ን ደግሞ ለምኜህ ነበር ልጄ! ማንም አልረዳቸውም። “ተግዘው” ነው። እንዲህ አድርገው፦

“ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ለጥቂት ዓመታት ሲንቀሳቀሱ ቆይተው በ1913 ተያዙ። ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር በግዞት ተቀመጡ። በ1924 አመለጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተያዙና ወደ ሐረርጌ ተግዘው ጋራ ሙለታ ላይ ታሰሩ። በኅዳር 1928 በግዞት ሳሉ አረፉ።”

ለምታነበው እህታችን ንገርልኝ። “ተግዘው” ስትል ምኑንም ሳታጠብቅ፣ አላልታ ትበለው። ከ“ተጋዘ” የመጣ መሆኑን እያሰበች ካነበበችው አትሳሳትም። ከመቅዳታችሁ በፊት የቀረውን ጽሑፍ ብትልክልኝም አየዋለሁ።